በክብ ውስጥ ያሉት ሦስት ነጥቦች

ባሕር ዳር፣ የካቲት ፱ ቀን ፲፱፻፸ ዓ.ም.

ጠዋት ቀበሌ ተጠራሁ። እንደኔው ፊዚክስ ለሚያስተምረው ለይርጋ ከውጭ የመጣለትን ደብዳቤ ከፍተውታል። ወዳጁ ፕሮቶንን ከፕሮቶን እያጋጩ ውስጡን ስለሚያጠኑበት ማሽን ጽፎ፣ ከሥሩ በአንድ ክብ ውስጥ የተያያዙ ሦስት ነጥቦች ሥሏል።

«ይኼ የድብቅ ሕዋስ ነው። ከይርጋ ጋር ያሉት ሁለቱ እነማን ናቸው?» አለኝ ሊቀ መንበሩ።

ፕሮቶን መሆኑን ገና ሳየው አውቄዋለሁ። ይርጋ ባለፈው ወር ስለዚሁ ስንከራከር፣ በመምህራን ፊት «አንተ ገና እዚህ አልደረስህም» ብሎ ስቆብኛል።

«በፊዚክስ እንዲህ ያለ ሥዕል የለም» አልሁ።

ይርጋን በላንድሮቨር ጭነው በሐይቁ ዳር ወሰዱት።

ከሰዓት በኋላ ክፍሉን እኔ ያዝሁለት። አንዲት ተማሪ ተነሥታ፣ «ቲቸር ይርጋ ፕሮቶን ውስጥ ሦስት ቅንጣቶች አሉ ብለው አጽፈውናል» አለች።

«የለም፤ ሰርዙት» አልሁ።

ማስመሪያ አውጥተው በቀጥታ መስመር ሰረዙት።