የጤነኛ ልብ ልክ

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ናፍቆቴ ከደብዳቤው ቀድሞ ደጃፍህ ይድረስልኝ። የእማዬ ጉልበት ተሻላት? ባለቤትህና ልጅህስ ደህና ናቸው? የግንቡ ሥራ እንዴት ይዞሃል? እኔ በቁሜ አለሁ፤ ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽህም፤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

የምሠራበትን ክፍል ታውቀዋለህ። ጥቂት ጨረር ያለው መድኃኒት በክንድ ደም ሥር እንሰጣለን፤ ሰውየው ጠባቡ አልጋ ላይ ይተኛል፤ ካሜራው ደረቱ ላይ እየዞረ ልቡ በእያንዳንዱ ምት ምን ያህል ደም እንደምትገፋ ያሳየናል። «አትንቀሳቀሱ» እያልኩ የምጨቀጭቀው እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ እዚያ ሲተኛ አፍንጫውን ይበላዋል።

ችግራችን መለኪያው ነበር። መጽሐፉ ላይ ያለው የጤነኛ ልክ በሌላ ካሜራ፣ ከሌላ አገር ሰዎች የተወሰደ ነው። በዚያ እየለካን አንዳንዱን ታካሚ በከንቱ አስደነገጥን፣ አንዳንዱንም ታሞ ሳለ ደህና ነህ ብለን ሰደድን። ዋና ሐኪማችን የራሳችንን ልክ እናውጣ ብለው ጤነኛ ሰው መሰብሰብ ጀመሩ። እሳቸውን ቃል ሳይመዝኑ ስለማይናገሩ «ሚዛን» እንላቸዋለን። ዘበኛው ካሜራው ሥር ተኛ፣ ልብስ አጣቢዋ ተኛች፤ ሴት ሲጎድል እኔም ክንዴን ዘረጋሁ።

ነርሷ አስቀድማ ከቤተሰብሽ በልብ የሞተ አለ ወይ አለችኝ። የለም አልኩ። አባታችንን እኮ ሥራ ገደለው ነው የምንለው። ጫማውን እየፈታ እንደተቀመጠ የቀረውን ሰው፣ ደክሞት ነው ብለን ቀበርነው። እኔም ያደግሁበትን መልስ ሰጠኋት።

የካሜራውን ሥዕል ያዘጋጀሁት ራሴው ነኝ። የሌላ ሰው መስሎኝ ስሙን ደጋግሜ አየሁት። ልቤ ሰፍታለች፣ አገፋፏም ደካማ ነው። ሚዛን ውጤቱ ስላላማረን ብቻ ከዝርዝሩ ሰው አናወጣም፣ እንዲያ ካደረግን የምንጽፈው ልክ ሳይሆን ምኞት ነው አሉና በሌላ መሣሪያ አስመረመሩኝ። ያው ሆነ። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጠው አባትሽ በስንት ዓመታቸው ሞቱ አሉኝ። ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። በዘር የሚወርድ የልብ ጡንቻ ሕመም ነው አሉ።

እንዲህ ሆኜ ከጤነኞቹ ወጣሁ። ባልደረቦቼ ሳልፍ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ከሕመሙ ይልቅ እሱ ያበግነኛል። ወንድሜ፣ ፈርቻለሁ። መድኃኒት ጀምሬያለሁ፤ ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ ዓመት ያኖራል ይላሉ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ባልዲ ተሸክመህ ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ እንደምትቆም፣ እማዬም ትዳር አሰነፈው እያለች እንደምትቀልድብህ ጽፈህልኝ ነበር። ያኔ ስቄብሃለሁ። ስንፍና አይደለም። ሸክሙን ተወውና ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ አባቴ እንዲህ ሞተ፣ እህቴ ላይ ይህ ተገኘ በል። ነገር ማሳደር ትወዳለህ፤ ይሄ ግን ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ነው።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ፤ ለእሷ ለጊዜው አትንገራት፤ ባሏን ሥራ እንደገደለው አምና ትቆይ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ እሷ ግን ትወቅ፣ እጅህን ይዛ የምትወስድህ እሷ ናት። የልጅህን ጉንጮች ሳምልኝ። ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ልጅቷንም ይዘሃት ሂድ።

እህትህ

ከሆስፒታሉ ሠራተኞች መኖሪያ፣ ኅዳር ፱ ቀን