ትመለሳለች ወይ ብላችሁ አባቴን ለጠየቃችሁት

ለተከበሩ የቪዛ ክፍል ኃላፊ፣
የኤምባሲውን ስም ያልጠቀስኩት በአክብሮት ነው፤ ያነበበ ሁሉ የሚያውቀውን ያስገባበት።

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎን ከነቤተሰብዎ፣ ከነባልደረቦችዎና ከነማኅተምዎ በሙሉ ጤና እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የጆሃንስበርግ ብርድ ዘንድሮ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፣ መብራቱም እንደ ልማዱ ይመጣል ይሄዳል፤ ከዚህ በቀር ክቡርነትዎን የሚያሳስብ ነገር የለንም።

ፍሬገነት ሽጉጤ እባላለሁ። ሆሳዕና ተወልጄ፣ ገና ሕፃን ሳለሁ ከእናቴ ጋር አባቴን ተከትለን መጥተን፣ ያደግሁት እዚሁ ጆሃንስበርግ ዳርቻ፣ ቶኮዛ ሰፈር ነው። አባቴ ስፓዛ አለው፤ ዳቦ፣ ዱቄት፣ ዘይትና የስልክ ካርድ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆኖ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ናት። እኔ ሕፃናት አስተምራለሁ። ፓስፖርቴ የደቡብ አፍሪካ ነው። ይህን ሁሉ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ የምደግመው ደብዳቤዬን ከጎንዎ ሆነው ለሚያነቡት ነው።

ጉዳዩ ቀላል ነበር። ሦስት ጓደኛሞች፣ በእናንተ በጋ፣ ማለትም በእኛ ብርድ፣ ቦርሳችንን በጀርባችን አዝለን በርካሽ አውቶብስና በባቡር ከከተማ ከተማ ልንዞር አሰብን። አንዷ ታንዲ ናት፤ ጎረቤታችን፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራኝ የተማረች፣ እኔን ዙሉኛ አስተምራ በምላሹ ከእኔ የአማርኛ ስድብ የተማረች። ሌላው ኤልያብ ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን አብሮኝ የሚዘምር፣ ሳንድተን በሚገኝ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ሸሚዙ ሳይተኮስ ታይቶ የማያውቅ ልጅ። ዕቅዱን ያወጣነው በአባቴ ሱቅ ጓዳ፣ በበቆሎ ዱቄት ከረጢቶች ላይ ተቀምጠን፣ የአውሮፓን ካርታ በጉልበታችን ላይ ዘርግተን ነው። ሌሊት ሌሊት አውቶብስ ውስጥ እየተኛን የአልጋ ኪራይ ልናተርፍ፣ ሲደክመን ለሦስት አንድ ክፍል ልንይዝ፣ ምሳችን ዳቦና ቲማቲም ሊሆን ተስማማን። ኤልያብ ሙዚየም አለ። ታንዲ ባሕር አለች። እኔ ባቡር አልኩ፤ በመስኮት አገር ሲያልፍ ማየት ብቻ ነበር የፈለግሁት።

አባቴ ዳቦ እየደረደረ ሲያዳምጠን ቆይቶ፣ "የት ነው የምታድሩት?" አለን።

"አንዳንዴ አውቶብስ ውስጥ፣ አንዳንዴም ጣቢያ" አልኩት።

"የምትበሉትስ?"

"ዳቦ።"

"ዕቃችሁን ማን ይሸከማል?"

"እኛው።"

ዳቦውን ደርድሮ ጨረሰና፣ "ይህን እኮ እኛም አድርገነዋል፤ ሽርሽር መሆኑን ግን የነገረን ሰው አልነበረም" አለ።

ክቡር ሆይ፣ አባቴ ከሞያሌ ተነሥቶ፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን፣ ሞዛምቢክንና ዚምባብዌን አቋርጦ እዚህ የደረሰ ሰው ነው። ስለዚያ መንገድ ለእኔ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም ነበር። በዚያን ዕለት ግን ከረጢት ስቦ አጠገባችን ተቀመጠና ምክር ይሰጠን ጀመር፦ አዲስ ጫማ አድርጋችሁ እንዳትወጡ፣ ውሃ ሳይጠማችሁ ጠጡ፣ ሁለቱ ሲተኙ አንዱ ይንቃ፣ አንዱ ካነከሰ ሁላችሁም በእሱ እርምጃ ሂዱ። ታንዲ በስልኳ ጻፈችው። እኔ አባቴን አየው ነበር። ደስ ብሎት ነበር። ያንን መንገድ ቢያንስ አንድ ጊዜ ለሰው የሚጠቅም ነገር አድርጎት ስላየሁ እኔም ደስ አለኝ። ለዚያች ከሰዓት በኋላ እናንተን ማመስገን ይገባኛል፤ ለመከልከል እንኳ መጀመሪያ መፈቀድ የሚችል ነገር መኖር አለበትና።

አሁን ወደ ምስጋናዎቼ በቅደም ተከተል ልግባ።

፩ኛ. ስለ ትምህርታችሁ አመሰግናለሁ። ለእያንዳንዱ ሌሊት ማደሪያ እንዳለኝ ማስረጃ እንዳቀርብ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ አውቶብስ ውስጥ ለማድርባቸው ሌሊቶች የአውቶብሱን ትኬት ከነወንበር ቁጥሩ አቀረብኩ። በመስኮቱ ያለው ወጣት ሠራተኛችሁ በታላቅ ትዕግሥት ወንበር አልጋ አለመሆኑን አስረዳኝ። በዚህ ላይ ከእሱ ጋር ክርክር የለኝም፤ አባቴንም ጠይቄው አልጋ አለመሆኑን አረጋግጦልኛል።

፪ኛ. ስለ ጉጉታችሁ አመሰግናለሁ። ሦስታችንም የቀረብነው በአንድ ቀን ነው። ታንዲን ለምን እንደምትሄድ ጠየቋት፤ "ለመዝናናት" አለች፣ አለፈች። ኤልያብ "አገር ለማየት" አለ፣ አለፈ። እኔም "አገር ለማየት" አልኩ። ሠራተኛችሁ ፓስፖርቴን ገለጠ፣ አየኝ፣ ደግሞ ገለጠ፤ ከዚያ "ምኑን ለማየት?" አለኝ። የሦስታችን ፓስፖርት ሽፋኑ አንድ፣ ቀለሙ አንድ ነው፤ የሚለየው የትውልድ ቦታ የሚለው መስመር ብቻ ነው። ኤልያብ የተወለደው እዚሁ ጆሃንስበርግ ነው፣ ታንዲም እንዲሁ። ምክንያቱ ይህ ነው ብዬ አልከስም፤ ሰው ስለ ሆሳዕና የማወቅ ፍላጎት ቢያድርበት እኔን ደስ ይለኛል እንጂ አልቀየምም። ባቡር፣ አልኩት። ባቡር እዚህም አለ፣ አለኝ። ይህም እውነት ነው፤ ሲኖር።

፫ኛ. ከሁሉ በላይ ግን አባቴን ስለ ደወላችሁለት አመሰግናለሁ። በሕይወቱ ከኤምባሲ ተደውሎለት አያውቅም። ማታ ቤት ስገባ ሸሚዙን ቀይሮ ጠበቀኝ። "አንዲት ጨዋ ሴት ደወለች፤ በትሕትና ነው ያናገረችኝ" አለኝ። ሱቁ በእርግጥ የእሱ መሆኑን፣ እኔም በእርግጥ ልጁ መሆኔን ጠይቃው መለሰ። በመጨረሻ፣ "ለልጅዎ መመለስ ዋስትና ይሰጣሉ?" አለችው።

"ምን አልካት?" አልኩት፤ ልቤ ፈርቷል፣ አባቴን አውቀዋለሁና።

"ትመለሳለች ብዬ አምናለሁ፤ ዋስትና ግን የእግዚአብሔር ነው አልኳት። አመስግናኝ ዘጋች።"

ከጥቂት ቀናት በኋላ ውሳኔያችሁ ደረሰኝ። ቪዛው ከማለቁ በፊት ግዛታችሁን ለቅቄ ለመውጣት ያለኝ ፍላጎት አጠራጣሪ ሆኖ እንዳገኛችሁት፣ በጣም ባማረ ወረቀት ላይ ተገልጾ ነበር። ገና ሳልገባ ስለ መውጣቴ ይህን ያህል መጨነቃችሁ የሚነካ ነገር ነው። እናቴ እንኳ ስወለድ ይህን ያህል የተጨነቀች አይመስለኝም።

ከዚህ በታች ያለውን ልተወው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ሥራችሁ እስከ የት እንደሚደርስ ብታውቁት ደስ ሊላችሁ ስለሚችል እጽፈዋለሁ። ወረቀቱን ይዤ ሱቅ ገባሁና በደንበኞች ፊት፣ "አዎ ትመለሳለች ማለት ምን ያቅትህ ነበር?" አልኩት አባቴን።

"አምናለሁ ብያለሁ" አለ።

"እምነት አልጠየቁህም፤ ዋስትና ነው የጠየቁህ። አንድ ቃል ነበር።"

ፍርግርጉን ይዞ የቆመውን ደንበኛ ሸኝቶ ወደ እኔ ዞረ። "ፍሬ፣ እኔ ከቤት ስወጣ ለእናቴ በሁለት ዓመት እመለሳለሁ ብያታለሁ። ውሸቴን አልነበረም" አለኝ።

አያቴ አባቴን ሳታየው ነው የሞተችው። መርዶው በስልክ የደረሰው እዚሁ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ነው፤ ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት። ይህን እያወቅሁ ዝም አልኩት። ዝምታዬም ለአንድ ቀን አልነበረም። ጠዋት ሰላም እለዋለሁ፣ ማታ ደህና እደር እለዋለሁ፣ በመካከሉ ቃል የለም። እሱም አልጠየቀኝም፤ ሻይዬን አፍልቶ አጠገቤ ያስቀምጥና ይሄዳል። አንድ ቀን እናቴ ደስታነሽ ልብስ እያጠፈች፣ ቀና ሳትል፣ "ለፈረንጆቹ ያልተናገርሽውን ለአባትሽ ተናገርሽ" አለችኝ።

ታንዲ ያለ እኔ አልሄድም ብላ አለቀሰች። ትኬቱ የማይመለስ ስለሆነና ባሕር እንደምትወድ ስለማውቅ እንድትሄድ እኔው ለመንኳት። የእሷ ቦርሳ ዚፑ ተበላሽቶ ስለነበር የእኔን ሰጠኋት። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘኋቸው። ኤልያብ ሸሚዙን ተኩሶ ነበር። ዞር ብለው እጃቸውን ሲያወዛውዙ የእኔ ቦርሳ በታንዲ ጀርባ ላይ ሲሄድ አየሁት፤ ክቡር ሆይ፣ በዚያች ደቂቃ ለእናንተ ያሰብኩትን ምስጋና በዚህ ወረቀት ላይ ማስፈር ጨዋነት አይፈቅድልኝም።

በታክሲ ተመልሼ ሱቅ ስደርስ፣ አባቴ ያንን የአውሮፓ ካርታ ከዳቦው መደርደሪያ አጠገብ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል። "ዛሬ የት ያድራሉ?" አለኝ። ጣቴን ከተማው ላይ አስቀመጥኩለት። እሱም የስልክ ካርድ ቁራጭ በማጣበቂያ ለጠፈበት። ከዚያ ወዲያ ታንዲ መልእክት በላከች ቁጥር ቁራጩ ወደፊት ይሄዳል። ደንበኞቻችን ጠዋት ዳቦ ሊገዙ ሲመጡ በፍርግርጉ ውስጥ አጮልቀው፣ "ልጆቹ የት ደረሱ?" ማለት ጀመሩ። ከማዶ ያሉት ባልቴት ጎጎ ኖምሳ (ጎጎ በዙሉኛ አያቴ ማለት ነው) ታንዲ ያለችበት ከተማ ሰው ምን እንደሚበላ በየቀኑ ይጠይቁኛል፤ ዳቦና ቲማቲም ስላቸው አያምኑኝም።

አንድ ቅዳሜ ጎጎ አባቴን፣ "አንተስ በየት በኩል ነው የመጣኸው?" አሉት። ካርታው ከሜዲትራንያን ባሕር በታች ያልቃል። አባቴ ካርቶን ላይ ዋጋ የሚጽፍበትን ወፍራም እስክሪብቶ አነሣ፤ ከካርታው በታች ባዶው ግድግዳ ላይ ሞያሌን ነጥብ አድርጎ፣ ቁልቁል መስመር ይስብ ጀመር። የማላዊን ሐይቅ አሳየ። ዓሣ የሰጧቸውን ሰዎች መንደር አሳየ። የተሳፈሩበት የጭነት መኪና የተበላሸበትን፣ በእግር የሄዱበትን፣ ጓደኛው ወባ ይዞት በትከሻቸው የተሸከሙበትን አሳየ። ሰልፉ ረዘመ፤ ማንም ግን ቶሎ በል አላለውም። አንድ ሞዛምቢካዊ ደንበኛችን እጁን በፍርግርጉ አስገብቶ፣ እዚህ ጋ መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፋል ብሎ አረመው። ግድግዳው ዝቅ እያለ ሲሄድ አባቴ ተንበረከከ፤ እኔም ዱቄቱን ከፊቱ አነሣሁለትና አጠገቡ ቁጭ አልኩ። መስመሩ ቶኮዛ ሲደርስ ወለሉን ሊነካ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአባቴ ጋር እናወራለን።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ይግባኝ አይደለም። የይግባኝ ጊዜው ማለፉን አውቃለሁ፤ የማመልከቻ ገንዘቡም እንደማይመለስ በትሕትና ተነግሮኛል። እንደገና ማመልከት እንደምችልም ነግራችሁኛል፤ በዚህ ቸርነታችሁ ለጊዜው ሳልጠቀም ብቀር እንዳትቀየሙኝ። ደክሞኛል። ሰው ገና ባልገባባት አገር እንደማይቀር እየማለ መዞር ከቦርሳ ይከብዳል።

ማኅተምዎ ሳይደርቅ፣ ወንበርዎ ሳይነቃነቅ፣ ወደ ፈለጉበት አገር ማንም ምን ልታይ ብሎ ሳይጠይቅዎ ወጥተው እንዲገቡ እየተመኘሁ፣ ከማይጓደል አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ለመመለስ ያላት ፍላጎት አጠራጣሪ የሆነው፣
ከቤቷም ንቅንቅ ያላለችው፣
ፍሬገነት ሽጉጤ
ቶኮዛ፣ ጆሃንስበርግ

ማስታወሻ፦ ታንዲ በቀኗ ተመልሳለች፤ ባሕሩ ቀዝቃዛ ነው ትላለች። ቋሚ ሥራ፣ በቂ የባንክ ሒሳብና ጠንካራ የቤተሰብ ትስስር እንዳለው አረጋግጣችሁ በደስታ ቪዛ የሰጣችሁት ኤልያብ ግን አልተመለሰም። አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ወድዶ እዚያው እናንተው ዘንድ ቀርቷል፤ ደስተኛ ነው፣ ሸሚዝ መተኮስም ትቷል። እናቱ እትዬ ብዙዬ ሊያዩት ፈልገው በሚቀጥለው ወር መስኮታችሁ ላይ ቀጠሮ ይዘዋል። ጉልበታቸውን ያማቸዋልና እባክዎ ሲጠየቁ ወንበር ይስጧቸው።