ሳትነግረኝ የቀነስከው ግብ

ጭሮ፣ ማክሰኞ፣ ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.
የዛሬ ጠዋት ቆጠራ፦ ከሱብሂ ሰላት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል እርምጃ 1,912፤ የተቃጠለ ካሎሪ 74፤ የቀኑ ግብ 220።

ለልጄ ለኢርሻድ አብዱላሂ፣
ሐዋሳ

አሰላሙ ዓለይኩም። አንተም ሰልዋም ሕፃኗም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አለኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ አንተ በስልክ በነገርከኝ መጠን ደህና ነኝ። መደብሩም ደህና ነው። የዘንድሮ ማሽላ ነጭና ደረቅ ነው፤ ከመሰላም ከበደሳም በብዛት እየመጣ ነው።

ደብዳቤ መጻፌ ሊገርምህ ይችላል። በስልክ ስለምታመልጠኝ ነው። አንድ ነገር ስጠይቅህ «ኔትወርኩ ይቆራረጣል አዮ» ትላለህ። ይህ ኔትወርክ የሚቆራረጠው ደግሞ እኔ ስጠይቅ ብቻ ነው፤ አንተ ስትጠይቀኝ ጥርት ይላል። ወረቀት አይቆራረጥም። የጎረቤታችን ልጅ ሀዲያ ነገ እዚያው ሐዋሳ ወዳለው ዩኒቨርሲቲዋ ስለምትመለስ በእጅህ ትሰጥሃለች።

ነገሩ ስለ ሰዓቱ ነው።

በሐምሌ መጥተህ በእጄ ላይ ስታስረው ያልከኝን ያን ዕለት ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ። «አዮ፣ ይሄ እርምጃሽንም የምታቃጥይውንም ካሎሪ ይቆጥራል። የበላሽውን ስልክሽ ላይ ትመዘግቢያለሽ። በቀን ከ1,600 በላይ አትብዪ፣ በእንቅስቃሴ 450 አቃጥይ፤ ውፍረትሽ ይቀንሳል።» ከዚያ ስልኬን ወስደህ ቁጥሮቹን አስገባህ፤ ሐዋሳ ሆነህም እንድታይልኝ ከራስህ ስልክ ጋር አገናኘኸው። ከልጅ የመጣ ስጦታ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ልጅ እናቱን ከሩቅ የሚቆጥርበት ዕቃ መሆኑ ግን ያኔም አልጠፋኝም።

እኔ ሚዛን የማምነው ከፈተንኩት በኋላ ነው። አንድ ቀን በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ግማሽ ሰዓት ማሽላ በሰፌድ አበጠርኩ፤ ሳልነሳ 1,300 እርምጃ ሰጠኝ። በማግሥቱ ጆንያ በሁለት እጄ አቅፌ ደረጃ ስወጣ፣ እጄ ስላልተወዛወዘ ምንም እንዳልሠራሁ ቆጠረኝ። ምግብ ላይም ያው ነው። ሆጃ አያውቅም። የቡና ገለባ ከወተት ጋር ይፈላል ብሎ ማን ይንገረው? «ሻይ በወተት» ብዬ አስገባሁለት፣ አመነኝ። ሁልበትን፣ የአብሹን መረቅ፣ ግን ፈልጌ አጣሁት፤ ስለዚህ በስልኩ ዘንድ ሁልበት በልቼ አላውቅም።

ቢሆንም ዕቃውን አልጣልኩትም። ሚዛን ቢያጎድልም ሁልጊዜ በአንድ ልክ ካጎደለ ይሠራበታል። ስለዚህ በየጠዋቱ ያቃጠልኩትንና የቀኑን ግብ ደብተሬ ላይ እጽፍ ነበር። አንተ የረሳኸው ይህን ነው ልጄ። ደብተሩ እንዲህ ይላል፦

ከሐምሌ 20 ጀምሮ ግብ 450።
ኅዳር 26፣ ግብ 400።
ታኅሣሥ 12፣ ግብ 300።
ጥር 9፣ ግብ 220።

እኔ አልነካሁትም።

መጀመሪያ ዕቃው አርጅቶ ይሆናል ብዬ ግቢያችን የተከራየችውን ነርስ እፀገነትን ጠየቅኳት፤ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣችውን።

«ይሄ ነገር ሲያረጅ ቁጥሩ ይወርዳል እንዴ?» አልኳት።

ሳቀችብኝ። «ባትሪ መሰለዎት አዴ ሞሚና? ግብ ሰው ሲለምድ ከፍ ይላል እንጂ እንዲህ አይወርድም። ይሄን ሰው ነው ያወረደው።»

«እኔ አላወረድኩም።»

«እንግዲያው ልጅዎ አዝኖልዎት ይሆናላ! እኔ እንደ ልጅዎ ዓይነት ልጅ ቢኖረኝ ዜሮ ያደርግልኝ ነበር።»

እሷ ቀለደች፤ እኔ አልቀለድኩም። ማንም ሳይከራከረው ዋጋ የሚቀንስ ሻጭ ካየህ፣ ከጆንያው ሥር ነቀዝ አለ። ነቀዙን መፈለግ ጀመርኩ።

በመጀመሪያ የጠረጠርኩት ሚስትህን ሰልዋን ነው፤ አውፍ ብላ ይቅር ትበለኝ። ሐዋሳ መጥቼ ከእናንተ ጋር እንድኖር ስትለምነኝ ስለከረመች፣ ቁጥሩን ዝቅ አድርጋ «ደክማለች፣ መደብሩን ትዝጋ» ልታሰኝ ነው አልኩ። ይህን ሐሳብ ሦስት ቀን ይዤው ቆየሁ። ከዚያ ሳስበው አልያዘም። ደክማለች ለማሰኘት የፈለገ ሰው ግቡን ከፍ አድርጎ መውደቄን ያሳያል እንጂ እኔ የማልፈውን ግብ አያስቀምጥም።

ስለዚህ ቀኖቹን ማየት ያዝኩ። ከእያንዳንዱ ቅናሽ ሁለት ቀን በፊት ምን ሆነ?

ኅዳር 24 ድሬዳዋ ነበርን። እግሬ ስላበጠና ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ስላጠረኝ ከሐዋሳ ድረስ መጥተህ ወሰድከኝ። ሐኪሙ ደረቴን ቅባት ቀብቶ ልቤን በስክሪን አየው። ከዚያ «እናት፣ እርስዎ ውጭ ይረፉ» አለኝና አንተን አስቀረህ። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ይህንኑ ሰዓት አየሁ፤ ሃያ ስድስት ደቂቃ። ወጥተህ «ምንም የለም አዮ፣ ትንሽ ግፊት ነው» አልከኝ። ፊትህን ታጥበህ ነበር። እኔም ፊትህን ለምን እንደታጠብክ አልጠየቅኩህም።

ታኅሣሥ 10 እዚሁ ጭሮ ደም ሰጥቼ የውጤቱን ወረቀት ፎቶ ላክሁልህ። በሁለተኛው ቀን 400 የነበረው 300 ሆነ።

ጥር 7 በደሳ ገበያ ሄድኩ። መኪናው ከታች አውርዶኝ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ፤ ማሽላ ሻጯ ሀኒፋ ገና ከሩቅ ሰዓቱን አይታ ጮኸችብኝ።

«አዴ ሞሚና! ያ የወንድ ሰዓት ስንት ሰዓት ነው ይላል?»

«ሰዓት መናገር ትቷል። ስንት እንደበላሁ ነው የሚናገረው።»

«ወላሂ፣ በገዛ ክንድሽ ላይ ዘበኛ ቀጠርሽ! ለኔ ቢሆን እስከ ቁርስ አይቆይም፣ ይፈነዳል።»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ማታ ከመግሪብ በፊት ደወልክ።

«አዮ፣ ምን ሆነሽ ነው? 611 ይላል!»

«በደሳ ሄጄ ነው።»

«ተሸከምሽ? ዳገት ወጣሽ? ማን ሂጂ አለሽ?»

«ማሻአላህ ትለኛለህ ብዬ ነበር። በነሐሴ 380 ባመጣሁ ጊዜ 'ሰነፍሽ' ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

ከዚያ ኔትወርኩ ተቆራረጠ። ጥር 9 ላይ 220 ሆነ።

እዚህ ላይ ነገሩ ቢገባኝም ከመናገሬ በፊት ማረጋገጥ ፈለግሁ። ባለፈው ቅዳሜ እፀገነት ቁጥሩ እንዴት እንደሚቀየር አሳየችኝ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ግቡን ወደ 450 መለስኩና ለማንም ሳልናገር ቁጭ አልኩ። ዙሁር ሰግጄ ሳየው 220 ሆኗል። ወዲያው ደወልክ።

«እንዴት ዋልሽ አዮ? ፀሐዩ በረታ?»

«በርትቷል። እናንተ ዘንድስ ዝናብ አለ?»

«ትናንት ትንሽ ጣለ። ዛሬ አርፈሽ ዋልሽ?»

«አርፌ ዋልኩ።»

ሚኤሶ ግመል ገበያ ላይ ሁለት ሰዎች እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው በጣት ሲደራደሩ አብረን አይተናል። ከላይ ስለ ዝናብና ስለ ግጦሽ ያወራሉ፤ ዋጋው ከጨርቁ ሥር ነው። ቅዳሜ ዕለት እኔና አንተ እንደዚያ ነበርን። እኔ 450 አልኩህ፣ አንተ 220 አልከኝ፣ ከላይ ስለ ፀሐይ አወራን።

ይህ ሁሉ ሆኖም ራሴን ላሞኝ እችል ነበር። ጥሩ ልጅ ነው፣ ስለሚፈራልኝ ነው፣ ትንሽ ግፊትም ያስፈራል እል ነበር። ያን በር የዘጋህብኝ ራስህ ነህ፤ እሁድ ዕለት። ረመዳን ሦስት ሳምንት ቀረው፣ ቴምር ከወዲሁ ልግዛ ስልህ፣ «ዘንድሮ ባትጾሚስ አዮ? በየቀኑ ሚስኪን እናበላልሻለን» አልከኝ።

ኢርሻድ፣ አንተ መድረሳ የቀራህ ልጅ ነህ። ታሞ የሚድን ሰው ያፈጠረውን ቀን ሲሻለው ይጾመዋል። ሚስኪን ማብላት መዳኑ ተስፋ ለማይደረግ ሰው ነው። ሁለቱን እንደማታምታታ አውቃለሁ፤ ለአባትህ ቤተሰብ ልጆች ያስረዳኸው አንተ ነህ። «ሲሻልሽ ትጾሚዋለሽ» ብትለኝ ኖሮ እስከ ዛሬ አምንህ ነበር። አፍህ ያላሰብከውን አወጣው።

ስልኩን ዘግቼ እፀገነት ዘንድ ሄድኩ። ካልሲ እያጠበች ነበር።

«ልጆች ለእናታቸው ግብ የሚቀንሱበት በሽታ ምንድን ነው?» አልኳት።

የዛን ቀን አልሳቀችም። ካልሲውን ሁለት ጊዜ ጨመቀችው። «ለምን እኔን ይጠይቁኛል አዴ ሞሚና?»

«ነርስ ስለሆንሽ። ደግሞ ሐሰት ስትናገሪ ጆሮሽ ስለሚቀላ።»

«እኔ ምርመራዎን አላየሁም፤ ያላየሁትን አልናገርም።» ካልሲውን እያሰጣች፣ «ግን ካርዱ የርስዎ ነው። ልብዎም የርስዎ ነው። ሄደው 'ለኔ ንገሩኝ' ቢሉ የሚከለክልዎት የለም» አለች።

ጆሮዋ አልቀላም። ስለዚህ እሷን እንዳትቆጣት፤ ከሁላችሁም በቀጥታ የመለሰችልኝ እሷ ናት።

አንተንም አልቆጣህም፤ ምክንያቱን ልንገርህ። ይህን ሙያ የተማርከው ከእኔ ነው። አባትህ ሲታመም አንተ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርክ። ሐረር ያለው ሐኪም እሱን አስወጥቶ ለእኔ ነገረኝ፤ እኔም ፊቴን ታጥቤ ወጥቼ «ጨጓራ ነው» አልኩት። ሰው ሁሉ ጎበዝ ሚስት አለኝ። መሰላ ካለው ታላቅ ወንድሙ ጋር በወሰን ተጣልተው አራት ዓመት አይነጋገሩም ነበር። በየጊዜው «ከአዝመራው በኋላ ሄጄ አውፍ እለዋለሁ» ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ አዝመራውን እንደማያየው እያወቅሁ «እሺ፣ ከአዝመራው በኋላ» እለው ነበር። ማሽላው ሳይታጨድ ቀበርነው። ወንድሙ ጀናዛው ላይ መጥቶ አውፍ የሚለው ሰው አጥቶ፣ የእኔን እጅ ይዞ ሲያለቅስ አይተኸዋል። ለምን እንደዚያ እንዳለቀሰ ግን ለማንም አልተናገርኩም። አሁን ለአንተ ተናገርኩ።

አንተ የቀነስከው ቁጥር ቢሆን ግድ አልነበረኝም። የወሰድክብኝ ግን ማወቄን ነው። ጊዜዬ ረጅም ከሆነ ገና የምሠራው አለኝ። አጭር ከሆነ በዚህች ከተማ ደጃቸው ደርሼ አውፍ የምላቸው ሰዎች አሉ፤ አራት ናቸው፤ አንዷ ቤቷ ዳገት ላይ ነው። ወደ እሷ ለመሄድ ስንት ካሎሪ እንደሚፈጅ አላውቅም፤ ከ220 እንደሚበልጥ ግን እገምታለሁ። ያንን ዳገት መቼና እንዴት እንደምወጣ እውነቱን አውቄ እኔ ልወስን።

ይህ ወረቀት በእጅህ ሲገባ እኔ ድሬዳዋ ሄጄ ሐኪሙን ጠይቄ ጨርሻለሁ። ስለዚህ «አትሂጂ» ለማለት አትድከም። ሰዓቱን አላወልቀውም፤ መድረሴን እንድታይ አስሬው እሄዳለሁ። የነገው ቁጥር ቢበዛብህ የሆስፒታሉ ደረጃ ነው፤ ቀስ ብዬ፣ እየቆምኩ እወጣዋለሁ። ከዚያ በኋላ ደውልልኝና የምታውቀውን ሁሉ አንድ በአንድ ንገረኝ። ማልቀስ ካስፈለገህ አልቅስ፤ ፊትህን ግን አትታጠብልኝ። ግቡንም ያኔ ሁለታችን ተነጋግረን እናስቀምጠዋለን። ያላማከርከኝን ቁጥር ከእንግዲህ አልቀበልም።

ሰልዋን ሰላም በልልኝ፤ ስለጠረጠርኳት አንተው ንገራት፤ እኔ አፍራለሁ። ሕፃኗን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳምልኝ። አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ቤትህን በበረካ ይሙላው፣ ልጅህ ፊት ለፊት እውነት የምትነግርህ ልጅ ትሁንልህ። ብቻህን ተሸክመኸው ለከረምከው ለዚህ ሁሉ ቀን አላህ አጅሩን ይጻፍልህ፤ እኔም አውፍ ብዬሃለሁ።

እናትህ
ሞሚና

የነገ ጉዳይ፣ ረቡዕ ጥር 20፦ ከሱብሂ በኋላ በመጀመሪያው ሚኒባስ ድሬዳዋ። የካርድ ቁጥር 4471። የታኅሣሥን የደም ውጤት መያዝ። ሐኪሙን ብቻዬን ማነጋገር።