ሞጣ ቀረች

ውድ ንጋት፣

እንዴት ነሽ? ልጆችሽስ? እኔ ከሞትኩ ወዲህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ።

ሳቂልኝ ብዬ ነው እንዲህ የጀመርኩት። ስደውል ስልክሽ አይነሳም። ቤትሽ ብመጣ ልጅሽ "እማዬ የለችም" ትለኛለች፣ ጫማሽ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ! ሾፌሩ ስጦታውም እኔን ላለማግኘት ማልደሽ በመጀመሪያው መኪና መሄድ እንደጀመርሽ ነገረኝ። በአንቺ ጥፋት የተለቀሰብኝ መስሎሽ ነው አይደል? ንጋትዬ፣ አንቺ የሰማሽው ወሬውን ነው። እዚያ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ እስኪ ከእኔ ስሚው።

አንቺና እኔ ስንት ዓመት ተመላለስን? አንቺ ሥራሽ ሞጣ፣ ልጆችሽ ብቸና፤ እኔ ትዳሬ ብቸና፣ እናቴ ሞጣ። ለሁለት ሰው በተሠራ ወንበር ሦስት ሆነን፣ የሰው ዶሮ እግራችን ሥር እየጮኸ፣ ረዳቱ "ሞልቷል፣ አንድ ሰው ብቻ!" እያለ ፀሐይ አናታችን ላይ እስክትወጣ። መንገድ የተዘጋ ጊዜማ ደብረ ወርቅ ከማናውቃት ሴት ቤት ያደርነውን አትረሺውም፤ ቁርስ ሳትበሉ አልለቅም ብላን! እውነቱን ልንገርሽ? እወደዋለሁ መንገዱን። ብቸና ሚስት ነኝ፣ ሞጣ ልጅ ነኝ፤ መኪናው ውስጥ ግን ይርጋነሽ ብቻ ነኝ። ከአንቺ ጋር ያወራሁትን ያህል ከማን ጋር አውርቼ አውቃለሁ?

ባሌን ዘመነን ስሙን እንጂ መልኩን እምብዛም አታውቂውም። ክፉ ሰው አይደለም፣ ቃል ግን ይቆጥባል። "ወጡ ጣፈጠ" ካለ ያ ቀን ዓመት በዓል ነው። ያን እሁድ ግን ሻንጣዬን ሳዘጋጅ በሩ ላይ ቆመና፣ "በቃኝ ይርጋነሽ" አለኝ። "ወይ እናትሽን ይዘሽ ነይ፣ ወይ እዚያው ቅሪ። ሁለት ቤት ያላት ሴት ቤት የላትም።"

እናቴ ደግሞ ከሞጣ አትነቀልም፤ አባቴ የተቀበረበትን የጊዮርጊስን ደጅ ትታ የትም አትሄድም። ሰኞ አብረን ስንሄድ "ምነው ዛሬ አፍሽ ተያዘ?" ያልሽኝ ለዚህ ነበር። ዘመነ እኔን መፈለግ የተወ መስሎኝ ነው። እንዲያ ከሆነ እውነትም እዚያው እቀራለሁ ብዬ ለራሴ ወስኜ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መመለሻችን ላይ እናቴን ትኩሳት ያዛት። መናኸሪያ ድረስ ሮጬ፣ "ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ጠፍቷል፣ ዛሬ አልመጣም ብለሽ ለዘመነ ንገሪልኝ" አልኩሽ። አንቺም በዚያ ሁሉ የመኪና ጥሩንባ መሃል ደወልሽና "ይርጋነሽ ሞጣ ቀረች!" ብለሽ ጮኽሽ። ያልሽው ይህን ነው፤ ጎንሽ ቆሜ ሰምቻለሁ። መስመሩ ወዲያው ተቆረጠ። እኔ ወደ እናቴ ተመለስኩ፣ አንቺም ለእህትሽ ልጅ ክርስትና ደብረ ወርቅ ወርደሽ እዚያው አደርሽ።

እሱ ጆሮ የደረሰው ግን ሌላ ነው። "ይርጋነሽ ሞታ ቀረች።"

መልሶ ቢደውል የእኔ ስልክ ጠፍቷል፣ አንቺም መንገድ ላይ ኔትወርክ የለሽ። ምን ያድርግ? ሰፈሩን አስነሳ።

እኔ ይህን የት አውቄ! ረፋድ ላይ ትኩሳቱ እናቴን ለቀቅ ሲያደርጋት "ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ ወደ ባልሽ" ብላ አባረረችኝ። አይሱዙ ጋቢና ለምኜ ገባሁና ብቸና ስደርስ ገና አልመሸም። ወደ ሰፈሬ ታጠፍኩ። የእድሩ ድንኳን በራችን ላይ ተተክሏል።

ንጋት፣ እስኪ አስቢው። ልጆቻችን አዲስ አበባ ናቸው፤ ቤት የተውኩት ዘመነን ብቻ ነው። ያውም ተኳርፈን! ነጠላዬ የት እንደወደቀ አላውቅም። "ዘመነዬ! ሳንታረቅ! ሳንታረቅ!" እያልኩ ደረቴን እየደቃሁ ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ።

ጎረቤቴ እትዬ ሙሉአለም "በስመ አብ!" ብለው ከነአግዳሚው ወደ ኋላ ወደቁ። ግማሹ ሰው በድንኳኑ ሥር ሾልኮ ወጣ። አባ ወልደ ኪዳን መስቀላቸውን ዘርግተው መጡ።

"ማነሽ? በእግዚአብሔር ስም ተናገሪ!"

"ይርጋነሽ ነኝ አባ! ሬሳውን አሳዩኝ!"

"የማንን ሬሳ?"

"የባሌን ነዋ!"

ጥግ ላይ ጋቢ የተከናነበ ሰው ቀና አለ። ዓይኑ አብጦ ዓይን አይመስልም። ዘመነ ነው።

"ይርጋነሽ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "ሞተሽ የለም እንዴ?"

"አንተስ ሞተህ የለም እንዴ?"

የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ይታያል አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያዩ፣ "እንግዲያ ይህን ድንኳን የተከልነው ለማን ነው?" ሲሉ፣ ከውጭ አንዱ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያማ ሳቁን ማን ያቁመው! እትዬ ሙሉአለም እንኳ ከወደቁበት ሳይነሱ ይስቃሉ።

አባ ወልደ ኪዳን በስልክ የተባለውን አንድ በአንድ አስነገሩት። የቅኔ መምህር አይደሉ? ወዲያው ገባቸው። "አይ ዘመነ! በአንድ ፊደል ሰው ትገድላለህ? ቅኔ ቤት ውለህ ቢሆን ኖሮ ሚስትህ ባልሞተች!"

ሁሉ ሲስቅ እሱ አልሳቀም። መጥቶ ትከሻዬን ነካ፣ ፊቴን ነካ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጄን ይዞ፣ "ቅሪ ያልኩሽ እኔ ነኝ" አለኝ። ሌላ ቃል አልወጣውም።

ለካ ቃሉን ሳልመጣ ጨርሶታል! "ወጡ ጣፈጠ" የማይለው ሰውዬ ደረቱን እየመታ ሙሾ አውርዷል። ሴቶቹ ነገሩኝ፦

ቅሪ ያለሽ አፌ፣ ሆዴ ነይ እያለ፣
ለአፌ ታዘዝሽና ሆዴ ተቃጠለ።

ሰፈሩ በቃሉ ይዞታል። ወፍጮ ቤት ስሄድ ይሉልኛል፣ ሱቅ ስሄድ ይሉልኛል። እሱ ጆሮው እየቀላ "እኔ አላልኩም፣ እትዬ ሙሉአለም የጨመሩት ነው" ይላል። እሳቸው ደግሞ "እንዲህ ያለ ግጥም ብችል ኖሮ ለገዛ ባሌ ዝም እል ነበር?" ይላሉ።

ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም። ወጥ እያማሰልኩ ድንገት ቆሜ እቀራለሁ። ያ ሰው ለእኔ ነው ያለቀሰው? ሰው ሲሞት የሚባልለትን በቁሟ የሰማች ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ? አንቺ ነሽ ያሰማሽኝ፣ እና ትሸሺኛለሽ!

በማግስቱ ዘመነን ሻንጣዬን አውርዶ የራሱን ሸሚዝ ሲከት አገኘሁት።

"ወዴት ነው?"

"እናታችን ጋ። ትኩሳታቸው ተመልሶ እንደሆነ ማን ያውቃል።" እናታችን አለ፣ ሰማሽ? "ከእንግዲህ ተራ በተራ ነው የምንሄደው" አለኝ።

ሄደ። ግንደ ወይን ሲደርስ መኪናው አናውጦት አስመለሰው፤ ለማንም እንዳትናገሪ። ከሞጣ ሲመለስ ግን አፉ ተፈትቶ መጣ። ጎኑ የተቀመጠችውን ነጋዴ፣ የሾፌሩን ቀልድ፣ እናቴ ያለችውን፣ ሁሉን ሲያወራልኝ አመሸ። እኔ፣ ይርጋነሽ፣ ዝም ብዬ ሰማሁ!

ይህን ደብዳቤ ሰኞ በመጀመሪያው መኪና የሚሰጥሽ ሰው እሱ ነው። ተራው ነውና ወደ ሞጣ ይሄዳል። ማንነቴን አልነግራትም ብሏል፤ "በእኔ ጆሮ ምክንያት ያቺን ሴትዮ አሳፈርኳት" እያለ ከአንቺ ይልቅ የፈራው እሱ ነው። አሁን ጎንሽ ተቀምጦ በመስኮት የሚያይ መስሎ በንባብሽ የት እንደደረስሽ እየሰረቀ ያያል። ቀና በይና "ጋሽ ዘመነ፣ እንዴት አደሩ?" በይው። ከዚያ በኋላ ሞጣ እስክትደርሱ አንቺ ለመናገር ተራ አታገኚም።

በቁሟ የተለቀሰላት እህትሽ፣
ይርጋነሽ
ብቸና