ተራ ቁጥር ዐሥራ ሁለት

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9
ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት

ውድ ጋሼ፣

ቦርሳው አሁንም በሩ ጥግ ቆሟል። አልነካሁትም፣ እንዳትቆጣ። አክስታችን ልትፈታው ዚፑን ይዛ ነበር። «ተይው፣ እሱ ያሰረውን እሱ ይፍታው» አልኳት። ምን እንዳልኩ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሷም ዚፑን ለቀቀችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። እኔ ግን ያንተን ጤና መጠየቅ የነበረብኝ ከሁለት ወር በፊት፣ ከጎኔ ተኝተህ ሳለ ነበር። የምጽፍልህም ለዚሁ ነው። ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። ከተቀበርክ አሥራ ስድስት ቀንህ ነው፤ እስካሁን ልናገረው አፌን በከፈትኩ ቁጥር ሌላ ነገር ይወጣል። እዚህም እንዳያመልጠኝ ፈርቻለሁ። ለማንኛውም ከወሬ ልጀምርልህ፣ ወሬ ትወድ የለ።

አለቃህ ቅዳሜ ቤት መጥታ ነበር። አራተኛ ፎቅ እስክትደርስ ሦስት ቦታ ቆማ አረፈች። «ይሄን ነው ‹ትንሽ ደረጃ አለችው› ሲለኝ የኖረው? አይ ውሸታም!» አለች። ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ዋጠችው። በእጇ ፖስታ ይዛለች። ስምንት ዓመት ስላገለገልክ የጉዞ ወኪል ቢሮው የሸለመህ የደሴቱ ጉዞ ነው፣ ያንተና የኔ ሁለት ትኬት። «የፊታችን ዓርብ ነው፤ ለዕረፍት ስትዘጉ» አለችኝ። «ከአክስትህ ጋር ሂድ። ስሙን እኔ አስቀይረዋለሁ።» አክስታችን እኔን አየች፣ እኔ ቦርሳውን አየሁ።

ቀጥላም ለተጓዦች የምታዘጋጀውን የምክር ወረቀት ጠየቀችኝ። ለአዲሱ ወቅት ልታሳትመው ስትጠብቅህ ነበር። «ደንበኞቹ ‹የባሕረኛው ወረቀት የታለ?› እያሉ ነው» አለች። አየህ፣ ባሕር ሳታይ የሞትክ ባሕረኛ ነህ። ቢሮ ውስጥ ሊቀልዱብህ ያወጡልህን ስም ደንበኞቹ የእውነት አድርገው ይዘውታል። ያ ነጋዴ ደንበኛ «ለመሆኑ አንተ ስንት ጊዜ ሄደሃል?» ሲልህ «እንደው ሳልሄድ የዋልኩበት ቀን የለም» ያልከውን ስትነግረኝ ሆዴን ይዤ ነበር የሳቅሁት።

ወረቀቱን እንዴት እንደምትሠራው ግን ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ከደሴቱ የተመለሰ ሰው ወደ ቢሮ ሲገባ ወንበር ትስብለታለህ። ሌላው ሠራተኛ «እንዴት ነበር?» ይላል። አንተ «ምን ረስተው ሄዱ?» ነው የምትለው። «ሰው ስላየው ነገር ያጋንናል፤ ስለረሳው ነገር ግን አይዋሽም» ትለኝ ነበር። ጡረተኛዋ መምህር ጀርባዋን የፀሐይ ቅባት ተቀብታ የእግሯን ጣቶች ረስታ፣ ሦስት ቀን ጫማ ማድረግ አቅቷት ነበር፤ እሷ ተራ ቁጥር አምስት ሆነች። ነጋዴው ኮኮናት ዛፍ ሥር ሊተኛ አንጥፎ፣ ፍሬው ከጆሮው አጠገብ ሲወድቅ ሻንጣውን ትቶ ሮጧል፤ እሱ ተራ ቁጥር ስምንት ነው። «ዝናቡ ቀጠሮ አክባሪ ነው፣ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ቶሎ ይሄዳል፤ አትሽሹት» የሚለውን ሙሽሮቹ ነው የነገሩህ። ማታ ከሥራ ስትገባ ታነብልኛለህ፣ እኔ ደግሞ እንደ ተጓዥ ሆኜ ልብሳችንን ወረቀቱ በሚለው መሠረት ቦርሳው ውስጥ እከታለሁ። ቦርሳው አልዘጋ ሲል የምትቀንሰው ሁልጊዜ ያንተን ልብስ ነበር።

ትዝ ይልሃል ዋና ያስተማርከኝ ቀን? ሁለታችንም ከባልዲ የጠለቀ ውሃ አናውቅም። አግዳሚ ወንበሩ ላይ በሆዴ አስተኝተኸኝ፣ ተራ ቁጥር ሰባትን በእጅህ ይዘህ «ውሃው ወደ ውስጥ ከጎተታችሁ ፊት ለፊት አትታገሉት! ወደ ጎን ዋኙ!» እያልክ ትጮህብኛለህ። እኔ እጅና እግሬን አወራጫለሁ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ የሸሚዝህን ቁልፍ ተክላ ልትሰጥህ በሩን ከፈተችና ደርቃ ቀረች።

«ምን ነካችሁ ልጆች?»

«እየዋኘ ነው፣ እትዬ» አልካት።

«ውሃው የታለ?»

«ውሃውን እዚያ ያቀርቡልናል። ከኛ የሚጠበቀው መዋኘቱ ብቻ ነው።»

ሳቋ እስከ ታችኛው ፎቅ ተሰማ። አንተም ስቀህ ስቀህ ግንባርህን በሁለት እጅህ ያዝክ። እኔ ከሳቁ የመጣ መስሎኝ ነበር። ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው የመሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ግን አውቅ ነበር፣ ጋሼ። ነገሩ ይሄ ነው።

ጠዋት ጠዋት ግንባርህን ቀዝቃዛው የመስኮት መስታወት ላይ አስደግፈህ ትቆም ነበር፤ ተኝቼ የማላይህ መስሎህ። ማንኪያ ከእጅህ ሁለት ጊዜ ወደቀ። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ሦስተኛው ፎቅ ላይ እግርህ ከዳህና ቁጭ አልክ። «አንድ ደረጃ ሰርቀውብኛል» አልክ። እኔም ሳቅሁልህ። ያን ቀን ማታ ወረቀቱን በተራዬ ሳነብልህ ተራ ቁጥር ሁለት ላይ ቆምኩ፦ «ከጉዞው አንድ ወር በፊት ሐኪም ይያችሁ። እቤት ትንሽ የነበረ ሕመም ከቤት ሲርቁ ትልቅ ይሆናል።»

«ተራ ቁጥር ሁለትስ?» አልኩህ።

«እሱ ለተጓዥ ነው።»

«አንተስ ምንድን ነህ?»

«እኔማ ጸሐፊው ነኝ። ዝም ብለህ አንብብ፣ አንተ ቁንጫ።»

አነበብኩ። አንድ ጊዜ ነው ያልኩህ፤ ሁለተኛ አላልኩህም። ያላልኩህ ረስቼ አይደለም። ሐኪሙ «አትሄድም» ቢልህስ ብዬ ነው። ለክፍሌ ልጆች በሙሉ አውርቼ ነበር። የቀሩትን ቀኖች ከሒሳብ ደብተሬ ጀርባ እየሰረዝኩ ነበር። እትዬ ደረጃው ላይ ክንዴን ይዛ «የወንድምህ ፊት ልክ አይደለም፣ ምን ሆኗል?» ስትለኝ «የጉዞው ጉጉት እንቅልፍ ነስቶት ነው» አልኳት። እየሳቅሁ ነበር ያልኳት። አንተ እንኳ ያላስዋሸኸኝን እኔ ራሴ ዋሸሁልህ።

በወደቅክበት ዓርብ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ከክፍል ጠሩኝ። በስልክ ለአንድ ደንበኛ ስለ ስስ ልብስ እያስረዳህ ሳለ ራስህን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍክ አሉ። ስልኩ አልተዘጋም ነበር፤ ደንበኛው «ሃሎ፣ ሃሎ» ሲል ነው ሰው የደረሰልህ። እትዬና እኔ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆመን ሳለ ሐኪሙ ወጣ። የጭንቅላት ደም ሥር ፈንድቶ ነው፣ አልደረስንለትም አለን። «ከዚህ በፊት ምልክት አልነበረውም? ራስ ምታት፣ መደናቀፍ?» ብሎ ጠየቀ።

«አልነበረውም» አልኩ።

እትዬ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ ታመጣልኛለች፣ ልብሴን ታጥባለች፣ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ይኸው ነገርኩህ። ሲወጣልኝ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም።

ትኬቶቹን ዛሬ ከትምህርት በኋላ ለአለቃህ እመልሳለሁ። ያንን ባሕር ባየው በምን ዐይኔ ነው የማየው? ከነሱ ጋር ወረቀቱንም አብሬ እሰጣታለሁ። ይቅርታ አድርግልኝና አንድ ቦታ ላይ እጄን አስገብቻለሁ። ተራ ቁጥር ሁለት ሥር «ይህ ለተጓዥ ብቻ አይደለም» ብዬ ጨምሬበታለሁ። ጽሑፌ ካንተ ጽሑፍ ጎን ያስጠላል፤ ቢሆንም ሲታተም አንድ ዓይነት ይሆናል።

ተራ ቁጥር ዐሥራ ሁለት ግን ባዶ ነው። አለቃህ ቅዳሜ ወረቀቱን ሳሳያት «‹የመጀመሪያው ጠዋት› ይልና ሥሩ ምንም የለም፤ ምን ሊጽፍ እንደነበር ታውቃለህ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ይሄኛው እንኳ እውነት ነው። ዐሥራ አንዱን ከሰው አፍ ለቃቅመህ ይሄንን ግን እምቢ አልክ። ሰው ሁሉ እንግዳ ቦታ በነቃበት በመጀመሪያው ጠዋት ምን ማድረግ እንዳለበት ሲነግርህ፣ «እሱን ራሴ ሳልነቃበት አልጽፈውም» ትላለህ። መስመሩን በማስመሪያ አሰምረህ ነው የተውከው።

አክስታችን እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቷ ሄደች። ፈተና ስጨርስ መጥታ ትወስደኛለች፤ ቤቱንም ለአከራዩ እናስረክባለን። እስከዚያ እትዬ አደራ ተቀብላለች። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ብቻዬን ነቃሁ። መስመሩ ባዶ ከሚቀር ብዬ ያን ጠዋት ከዚህ ሥር ጽፌልሃለሁ። ለተጓዦቹ አይሆንም፣ ላንተ ነው።

በል፣ ባለህበት ፀሐዩ አይክበድህ፣ ድንጋዩ እግርህን አይቁረጥህ፣ ውሃው ይሸከምህ። እንደ ልብህ ተኛ። ራስህንም አይመምህ።

ያንተው ቁንጫ


ተራ ቁጥር 12። የመጀመሪያው ጠዋት።

የአልጋዬን እግር ረግጦ «ወደብ ደርሰናል፣ ውረድ!» ያለኝ የለም። ነቅቼ ጠበቅሁ። ጎዳናው ላይ መኪና ሲበዛ ተነሳሁ። ተራ ቁጥር ስድስት እንደሚለው ሳይጠማኝ ውሃ ጠጣሁ። መስኮቱን ስከፍት መስታወቱ ላይ የግንባርህ ወዝ አለ፤ አክስታችን ቤቱን ሁሉ ስትወለውል እሱን አላየችውም። አልጠረግሁትም። ዩኒፎርሜን ለበስኩ። የኮሌታዬን ጀርባ አንተ ነበርክ የምታስተካክልልኝ፤ በመስታወት ሞከርኩ፣ ከኋላ አይታይም። እንዳለ ተውኩት።

በሩን ቆለፍኩ። ቁልፋችን አንድ ስለሆነ፣ ቀድሞ የሚገባው እንዲያገኘው እንደ ሁልጊዜው ውሃ ቆጣሪው ሳጥን ውስጥ ከተትኩትና ወረድኩ። እትዬ የሱቋን በር እየከፈተች ነበር። ጠራችኝና ኮሌታዬን ከኋላ አስተካከለችልኝ።

«ቁልፉን ያዝክ?» አለችኝ።

«ቦታው ላይ ነው።»

«ለማን?»

ልነግራት የምችለው ያኔ ነበር፤ ሁሉንም፣ የመስኮቱንም፣ የማንኪያውንም፣ ኮሪደሩ ላይ ያልኩትንም። እጇ ገና አንገቴ ላይ ነበር። አፌን ከፈትኩ።

«ረሳሁት» አልኩ።

ተመልሼ አራት ፎቅ ወጣሁ። ቁልፉ ባስቀመጥኩበት ነበር። አንስቼ ኪሴ ከተትኩትና የሳጥኑን ክዳን ዘጋሁ።