አመድ የመሰለው መከላከያ

ካሳዬ፣ የቤቴ ሰው፣

ካንተ ከተለየን ሁለተኛው ክረምት አለፈ። ደህና ነን። የሚያፈሰው የጓዳ ጣሪያ ተሠራ። ልጅህ መሠረትም መንጃ ፈቃድ አወጣች።

ሚኒባስህ አንተ ከሞትክ ጀምሮ ግቢ ውስጥ ቆማ ነበር። የቆቦን ፀሐይ ታውቀዋለህ። ጥቁሩ የፊት መከላከያ፣ የስፖኪዮው ሽፋን፣ የጎኑ ፕላስቲክ ሁሉ አመድ መሰለ። ታላቅ ወንድምህ ጋሽ አራጌ ከዋጃ ገዢ ይዘው መጡ። ሰውየው ሞተሯን እንኳ ሳያስነሳ መከላከያውን በጣቱ ፈተገና "ይቺማ አርጅታለች" አለ። ጋሽ አራጌም "ሴት ልጅ መናኸሪያ ይዛት አትገባም፤ ይብሱን ሳትበላሽ እንሽጣት" አሉኝ። መሠረት ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ልቧ እዚያች መኪና ላይ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እስከ መስቀል ጊዜ ስጡን አልኳቸው።

አንተ ብትሆን የተቃጠለ ዘይት ትለቀልቃት ነበር። የመናኸሪያው ሹፌር ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ጠዋት ጥቁር፣ ጎብዬ ስትደርስ አቧራ ጠጥታ ቡናማ። አንዲት እናት ተደግፈዋት ነጠላቸው ሲበላሽ "መኪና ነው የከሰል ጆንያ?" ብለው ሲቆጡህ፣ "እማማ፣ ለቀለሙ አላስከፍልዎትም" ብለህ አሳቅካቸው።

መሠረት ግን እንዳንተ አላደረገችም። ፕላስቲኩን በሳሙናና በብሩሽ ደጋግማ አጠበችው፤ ያንተ ዘይት ከየስንጥቁ ወጣ። በደንብ እስኪደርቅ ጠበቀች። ጎረቤታችን አናጺው በር የሚቀባበትን የተልባ ዘይት ሰጣት። መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ሞከረች፤ ጠቆረ። በጨርቅ ስስ አድርጋ ቀባች፣ ትርፉን ጠረገች፣ ጥላ ውስጥ እስኪደርቅ ተወችው። አናጺው ጨርቁን ጠቅልላ እንዳትጥለው አስጠነቀቃት፤ በራሱ ሊነድ ይችላል። አጥሩ ላይ ዘርግታ አደረቀችው።

ጋሽ አራጌ በቀጠሯቸው ከነገዢው መጡ። ሰውየው መኪናዋን ዞሮ አየና "ቀለም ቀብታችሁ ልታታልሉኝ ነው" አለ።

"ፋቀው" አለችው መሠረት።

በጥፍሩ ፋቀ። እጁ ላይ ምንም አልቀረም። "እሺ፣ እወስዳታለሁ" አለ።

እኔ ደነገጥኩ። ለካ ለገዢው ነው ያሳመርንለት። ጋሽ አራጌ የመሠረትን እጅ ያያሉ፤ በብሩሹ ተልጧል። ከዚያ የፊቱን በር ከፍተው ተቀመጡ። "ጎብዬ ጉዳይ አለኝ። አድርሺኛ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" አሏት።

ገዢው ወደ ዋጃ የሚሄድ ሌላ መኪና ፈለገ።

አሁን መሠረት በየቀኑ ትሠራለች። ተራ አስከባሪው "የካሳዬ ልጅ፣ ተራሽ ነው!" እያለ ይጣራል። ስለዚህ ስምህ ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ ውስጥ አለ። ማታ ራት ስንበላ ደግሞ ስላንተ አንድ ነገር እነግራታለሁ። ገና ያልነገርኳት ብዙ አለ።

ባለቤትህ