ቤንዚን እንደ ገብስ ለሚያስነቀንቁት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የወገዳ መንገድ ነዳጅ ማደያ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ዕድሜዎ እንደ ማደያዎ ወረፋ ይርዘም፤ ጤናዎም እንደ ጥቅምት ሰማይ የጠራ ይሁንልዎ። እኔ ፈንታ እባላለሁ፤ ከንፋስ መውጫ ወገዳ ሚኒባስ የምትነዳው የየሺ አጎት ነኝ። ትምህርቴ ከቄስ ትምህርት ቤት አላለፈም፤ ሆኖም የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ፣ መዝገበ ቃላት ታቅፌ ክረምቱን ሙሉ ስላነበብሁት፣ እርስዎን በወጉ ለማመስገን የሚያበቃኝን ያህል ተምሬያለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ልግስናዎ አመሰግናለሁ። መጽሐፉ የየሺ መኪና ነዳጅ መያዣ፣ ሾፌሮች ሰልባትዮ የሚሉት፣ ሰባ ሊትር ይይዛል ይላል። የእርስዎ ቀጂ ስንታየሁ ግን በመጽሐፍ የሚታለል ሰው አይደለም። መቅጃው ራሱ ጠቅ ብሎ ሲቆም፣ «ገና ነው፤ ነቅንቋት!» ብሎ ወረፋ የያዘውን ጎረምሳ ሁሉ ይጠራና፣ ተሳፋሪው ከነዶሮው ውስጥ እንደተቀመጠ መኪናዋን ግራና ቀኝ ያስወዛውዛል። ገበያ ላይ ጆንያ ሲነቀንቁት አንድ ሁለት ቁና ገብስ እንደሚጨምር፣ ቤንዚኑም ይጠቀጠቃል ብሎ ነው። እውነቱን ልናዘዝና፣ ኅዳር ላይ እኔም ትከሻዬን ሰጥቻለሁ፤ ጆንያ ስነቀንቅ ያደግሁ ሰው ነኝና እጄን በላኝ። ሰባ አራት ሊትር አስገባን፤ ተጨበጨበልን።

ሁለተኛ፣ ስለ ጉዞው አመሰግናለሁ። ከንፋስ መውጫ ብርድ ወጥተን ወደ ስማዳ ቆላ ስናዘቀዝቅ፣ ቤንዚኑ በሙቀቱ አብጦ ከክዳኑ ሥር ይንጠባጠብ ጀመር። ሽታው ያዞረው አንድ ጎረምሳ፣ ሽታውን በጭስ ሽታ ልመልስ ብሎ ሲጋራ አፉ ላይ ሰክቶ ክብሪት አወጣ። የሺ መኪናዋን አቁማ፣ ክብሪቱን ከእጁ መንጭቃ፣ አሥራ አራታችንንም ገደል አፋፍ ላይ አወረደችን። እዚያ ቆሜ ሳስበው፣ ጠላ የምትጠምቅ ሴት ሁሉ ጋኗን እስከ አፉ አትሞላም፤ ሲፈላ ቦታ ይፈልጋልና። ቤንዚንም ለካ ከገብሱ ሳይሆን ከገብሱ ጠላ ወገን ነው።

ሦስተኛውን ስጽፍ ግን ምስጋናዬ ትንሽ ያነክሳል። ከዚያ ቀን ወዲህ የሺ ማደያዎ ስትደርስ ሞተር ታጠፋለች፣ ሰው ታወርዳለች፣ «ወንድሜ፣ መቅጃው ሲቆም ይበቃኛል» ትላለች። ስንታየሁም «እመቤት፣ ወረፋ አታስተጓጉዪ! እንደ ሰው ካልተቀዳልሽ ውልቅ በይ!» ይላታል። ሁለት ጊዜ ወደ ወረፋው ጭራ መለሳት፤ ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ በእርስዎ ትእዛዝ ነው ብሎ ዳግመኛ እንዳትመጣ ነገራት። ሌላ ማደያ ፍለጋ ብትሄድ፣ እስክትደርስ ያላት ያልቃል። እነሆ መኪናዋ ደጇ ላይ ቆማለች፤ የወገዳ ገበያተኛ በእግሩ ይወርዳል፤ እርሷም ጠዋት ጠዋት መስታወቷን ወልውላ ትገባለች።

ስለዚህ እግርዎ ሥር ወድቄ የምለምንዎ ጥቂት ነው፦ ሲቀዳ ሞተር ይጥፋ፣ ሰው ይውረድ፣ ሲጋራና ስልክ ይራቅ፣ መቅጃው ሲቆም የስንታየሁም እጅ አብሮ ይቁም። የሺም ወደ ወረፋዋ ትመለስ። ይህ ከከበደዎ ግን ማደያውን ወደ እህል በረንዳ ያዛውሩት፤ ቁናውን እኔ አመጣለሁ።

ትከሻው እስካሁን የሚያመው፣ የእርስዎን መልስ ከወረፋው ጭራ ቆሞ በትሕትና የሚጠባበቅ፣
ፈንታ ደሳለኝ
የየሺ አጎት

ማስታወሻ፦ ቅዳሜ ዕለት የእርስዎ ነጭ መኪና ከማደያው ባሻገር፣ ከወፍጮ ቤቱ ግንብ ጀርባ ቆማ አየኋትና ለምን እንደዚህ እንደራቀች ዘበኛዎን ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ሰዎቹ መኪና መነቅነቅ ሲጀምሩ የአለቃ ነፍስ አይወደውም» አለኝ። የየሺም ነፍስ አልወደደውም፤ እርስዎን ግን ከወረፋ ያባረረዎት የለም።